ጎሪላን ለማድነቅ እከክ የያዘውን ማዋረድ አያስፈልግም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዷ ላኪ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ከሥሩ «ይህን አይተህ ዝም ትላለህ?» ብላበታለች። እውነትም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ሁለት ፍጥረት ጎን ለጎን አቁሞ ያነጻጽራል። በአንድ በኩል የተራራ ጎሪላ አለ። በሌላ በኩል እከክ የምታመጣው፣ ቆዳ ውስጥ ቦይ እየቦረቦረች የምትኖረው ተባይ አለች። ጸሐፊው ጎሪላውን «የተፈጥሮ ዘውድ»፣ ተባይዋን «የተፈጥሮ ጉድፍ» ይሏቸዋል። ከዚያ ተነስተው አምስት ነገር ይላሉ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው። ጎሪላ በፍጥረት መሰላል ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ተባይዋ ግን 400 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ባለችበት ቆማ ቀርታለች። ጎሪላ የኃይል ልክ ነው፣ እሷ የድካም። ጎሪላ ለጫካው ይጠቅማል፣ የእሷ ወገን ግን ከነዘሩ ቢጠፋ ዓለም ምንም አይጎድልባትም። የሁለቱ ሕይወት አይገናኝም፤ አንዱ የተራራ ነው፣ ሌላው የድሃ ጎጆ። በመጨረሻም እከክ የሚይዘው «ውሃና ሳሙና የጠላ ሰው» ነው ብለው ይደመድማሉ።

መጀመሪያ የማልከራከርበትን ልናገር። ስለ ጎሪላው የጻፉት ብዙው ትክክል ነው፤ ደግሞም አሳምረው ጽፈውታል። ጀርባው ብር የመሰለ አውራ ጎሪላ ከ160 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንዲያ ሆኖ የሚበላው ቅጠል፣ ግንድና የቀርከሃ ቡቃያ ነው። ልጇ የሞተባት ጎሪላ ሬሳውን ቀናት ሙሉ ይዛው ስትዞር ታይታለች። የእከክ ተባይ እንዲህ ያለ ሐዘን ታውቃለች ብዬ አልከራከርም። ጎሪላዎቹ ጥበቃ ይገባቸዋል የሚለውንም ከልቤ እቀበላለሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሩዋንዳ፣ ዩጋንዳና ኮንጎ በሚዋሰኑባቸው የቪሩንጋ ተራሮች 250 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ቪሩንጋና የዩጋንዳው የብዊንዲ ጫካ አንድ ላይ ከ1,060 በላይ አሉ። ይህ የመጣው ሌት ተቀን በደከሙ ጠባቂዎችና ሐኪሞች ነው።

አንድ ትንሽ እርማት እዚሁ ላይ። ጸሐፊው በመሃል የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ «የእኛው ጎሪላ» ብለውታል። ጭላዳ ብርቅ ነው፤ ከእኛ ምድር ሌላ በየትም አይገኝም። ግን የጎሪላ ወገን አይደለም። ጅራቱን ማየት ብቻ ይበቃል። ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦ፣ ኦራንጉታንና ሰው ጅራት የላቸውም። በዱር የሚኖር ጎሪላም ሆነ ቺምፓንዚ አገራችን ውስጥ የለም።

አሁን ወደ መሰላሉ።

ስለ ተባይዋ ወገን ስናወራ የቃል ችግር አለብን። ከሸረሪት፣ ከጊንጥና ከመዥገር ጋር የሚዛመዱ፣ ስምንት እግር ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። የእርሻ ባለሙያዎች «ማይት» ይሏቸዋል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ፣ ድንጋይ ውስጥ፣ ዕድሜው 410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የማይት ቅሪት ተገኝቷል። እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ስህተቱ ያ ቅሪት የእከኳ ተባይ የመሰላቸው ላይ ነው። በዚያ ዘመን ምድር ላይ አንድም አጥቢ እንስሳ አልነበረም። የሰው ቆዳ የለም፣ የበግ ቆዳ የለም፣ የግመል ቆዳ የለም። ታዲያ ምኑን ስትቦረቡር ኖረች? የእከኳ ተባይ የመጣችው በጣም ዘግይታ፣ አጥቢዎች ከመጡ በኋላ ነው። «ባለችበት የቀረች» የሚለው እሷን አይመለከትም።

እስቲ ቀረብ ብለን እንያት። ሴቷ ርዝመቷ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ዓይን የላትም። የአየር ቧንቧ የላትም፤ የምትተነፍሰው በገላዋ ሽፋን በኩል ነው። ጀርባዋ ላይ ሾጣጣ እሾህ አላት። የፊት እግሮቿ ጫፍ ላይ ቆዳ የሚይዝ መጣበቂያ አለ። ጨለማ ውስጥ፣ ቆዳ ንጣፍ መሃል ለሚኖር ዓይን ምን ይሠራለታል? የጎደለ የሚመስለው ነገር ሁሉ ለዚያ ኑሮ ሲባል የተራገፈ ነው። ፊታችን ላይ በፀጉር ሥር የሚኖሩ ሌሎች ማይቶችም አሉ፤ አዋቂ ሰው ላይ ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የላቸውም። የእነሱ ዘረመል በ2022 ሲጠና እጅግ ብዙ ጂን ጥለው መገኘታቸው ታየ። ከእኛ ውጭ ሌላ ቤት ስለሌላቸው ነው። ይህ ወደ ኋላ መቅረት አይደለም። ጓዝን አራግፎ ወደፊት መሄድ ነው።

ጎሪላም «ጫፍ» ላይ አልደረሰም። አያታችንም አይደለም። የእኛና የእሱ የዘር መንገድ የተለያየው ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እሱም በራሱ መንገድ ሄደ፣ እኛም በራሳችን። የአጎት ልጅ ነው ብንል ይቀርባል። ነገሩ ዋርካ እንጂ መሰላል አይደለም፤ ጎሪላም ማይትም ዛሬ በየቅርንጫፋቸው ጫፍ ላይ ያሉ ለምለም ቅጠሎች ናቸው። በዝግመተ ለውጥ የማያምን አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለእሱም ቢሆን መሰላሉ አያስፈልገውም። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ሰጠው ካልን፣ አንዱን ጉድፍ የምንለው በምን ሥልጣን ነው?

በኃይሉ ነገር ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው «የጎሪላ አንድ ጥፊ ሚሊዮን ተባይ ይደመስሳል» ይላሉ። ይደመስስ ይሆናል። ግን አፈር ውስጥ የምትኖር አንዲት ማይት አለች፤ ክብደቷ የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2007 እንዳሳዩት፣ ሻካራ ነገር ላይ ቆንጥጣ ስትይዝ የራሷን ክብደት 1,180 እጥፍ የሚጎትት ኃይል ትቋቋማለች። ይህን የማነሳው ማይት ከጎሪላ ትበረታለች ለማለት አይደለም። እንዲያ ካልኩ የጸሐፊውን ስህተት ገልብጬ ደገምኩት ማለት ነው። አካል ሲያንስ ክብደት ከጉልበት ቀድሞ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ እህል የምትሸከመው። ማይቷን እንደ ጎሪላ ብናገዝፋት በገዛ ክብደቷ ትሰባበራለች። ጎሪላውን እንደ ማይት ብናሳንሰው ቆዳው ከክብደቱ አንጻር እጅግ ሰፊ ስለሚሆን ሙቀቱን በደቂቃ ያጣና ይሞታል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም ነው የምለው።

«ወገኗ ሁሉ ቢጠፋ ምንም አይጎድልም» የሚለው ግን አሳስቦኛል። ምክንያቱም ብዙ ሰው አስተያየት መስጫው ላይ «ልክ ነው» እያለ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ከሰው ጋር ተደምረው ጅራት አልባዎቹ ታላላቅ ወገኖች ስምንት ዝርያ ብቻ ናቸው። ስም የወጣላቸው የማይት ዝርያዎች ግን 50,000 ገደማ ይሆናሉ። በአንዲቷ እከክ ምክንያት ይህን ሁሉ መፍረድ፣ አንድ ሌባ ያየ ሰው ከተማውን ሁሉ ሌባ እንደሚለው ነው።

ጫካ ውስጥ የወደቀ ቅጠል አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን እርጥብ አፈር በማጉያ መነጽር ብታዩት ሲርመሰመሱ ታገኟቸዋላችሁ። አብዛኞቹ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ይበላሉ። ቅጠሉን ያደቅቃሉ፣ ለሻጋታና ለባክቴሪያ ያመቻቹታል፣ መልሶ አፈር ይሆናል። ጸሐፊው የሚወዱት ጎሪላ የሚበላው ቅጠል የሚበቅለው ከዚያው አፈር ላይ ነው።

እኛም አገር ምሳሌ አለ። የጽጌረዳ እርሻ ላይ የሠራ ሰው «ስፓይደር ማይት» የሚባለውን ተባይ ሳያውቅ አይቀርም። ከቅጠሉ ሥር ተቀምጦ ይመጠዋል፣ ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ይገረጣል፣ ቀጭን ድር ይለብሳል። ኬሚካል ሲበዛበት ይለምደዋል። አሁን ብዙ እርሻዎች የሚለቁበት ሌላ ማይት ነው። ፈጣን ነው፤ የመጀመሪያውን እያደነ ይበላዋል። የማይት መድኃኒቱ ማይት ሆነ ማለት ነው። የእከኳን ተባይ ራሷን በተመለከተ ግን እውነቱን እናገራለሁ። እሷ ከሰው ቆዳ ላይ ብትጠፋ አላዝንም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ግን ፈጽሞ አልስማማም። «የሁለቱ ሕይወት አይገናኝም» ይላሉ። ተገናኝቷል። ቦታውም ዓመቱም ይታወቃል።

ዓመቱ 1996 ነው። ቦታው ደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ የብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ። ዶክተር ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካ የሚባሉ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የዩጋንዳ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ቋሚ ሐኪም ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ከጫካው አንድ ወሬ መጣ፤ ጎሪላዎቹ ፀጉራቸው እየረገፈ፣ ቆዳቸው ነጭ ቅርፊት እያወጣ ነው። ሐኪሟ ከመሄዳቸው በፊት አንድ የሰው ሐኪም ወዳጃቸውን ጠየቁ። በዚያ አካባቢ ሰዉን በብዛት የሚይዘው የቆዳ በሽታ ምንድን ነው? መልሱ እከክ ነበር።

ቡድኑ ውስጥ አራት ጎሪላዎች ነበሩ። ከሁሉ የባሰበት ሕፃኑ ነው። ፀጉሩ ረግፎ፣ ከስቶ፣ ሞተ። ሌሎቹ መርፌ በሚወረውር ጠመንጃ አይቨርሜክቲን ተወግተው ዳኑ። ቆዳቸው ላይ የተገኘችው ተባይ ያችው፣ የእከኳ ተባይ ነበረች።

እንዴት ደረሰችባቸው? ብዊንዲ ዙሪያውን የገበሬ ማሳ ነው። ጎሪላዎቹ ከጫካው ወጥተው የሙዝ ግንድ ይበላሉ። ገበሬው ደግሞ ማሳው ዳር ማስፈራርቾ ያቆማል፤ ያረጀ ልብስ ያለበሱት የእንጨት ሰው። ጎሪላ ነገር መነካካት ይወዳል። ከሁሉ በላይ የተጠረጠረው ያ ልብስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው በሌላ ቡድን ላይ ዳግም ታየ።

በዚያን ጊዜ ብዊንዲ ውስጥ የነበሩት ጎሪላዎች 300 ገደማ ናቸው። ሴቷ ጎሪላ የምትወልደው በአራት ዓመት አንዴ ገደማ ነው። የእከኳ ተባይ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሦስት አራት ቀን ይፈለፈላል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እሱም ለመውለድ ይደርሳል። አንዲት ጎሪላ አንድ ልጅ ወልዳ ሌላ እስክትደግም ድረስ ተባይዋ ወደ መቶ ትውልድ ትቆጥራለች። ጸሐፊው ሁለቱን ማነጻጸር ከፈለጉ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። አንዷ አንድ ልጅ ስታጣ የዓመታት ድካሟ ይጠፋል። ሌላዋ አብዛኛው እንቁላሏ ሳይደርስ ቢቀር እንኳ አይጎዳትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሚዛኑን ላለማጣት። ጎሪላዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋቸው እከክ አይደለም። የሰው ጉንፋንና ሳል ይብሳል። በ2009 ሩዋንዳ ውስጥ የመተንፈሻ በሽታ ገብቶ በሞቱ አንዲት ሴት ጎሪላና አንድ ሕፃን ላይ ከሰው የሚመጣ ቫይረስ ተገኝቷል። ጎብኚዎች ራቅ ብለው ቁሙ የሚባሉት ለዚህ ነው። ጎሪላ ለእኛ ቅርብ ዘመድ ስለሆነ የእኛ በሽታ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ጸሐፊው ጎሪላውን ሲያደንቁ ይህን ረስተውታል።

ሐኪሟ ግን አልረሱም። በ2003 የሰዉን ጤናና የጎሪላዎቹን ጤና አንድ ላይ የሚይዝ ድርጅት አቋቋሙ። በጎ ፈቃደኞች በፓርኩ ዙሪያ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ማን ያስላል፣ ማንን ያሳክከዋል፣ የትኛው ማሳ ላይ ጎሪላ ገባ ብለው ይጠይቃሉ። ሩዋንዳ ውስጥ አንድ የውጭ ጎብኚ ጎሪላ ለአንድ ሰዓት ለማየት ብዙ ዶላር ይከፍላል። የዚያ ጎሪላ ደኅንነት ግን አጥሩ ማዶ ያለው ሕፃን የእከክ ቅባት ከማግኘቱ ጋር የተያያዘ ነው። ተራራውና የድሃው ጎጆ የሚገናኙት በዚህ ነው።

ጎሪላዎቹን ያዳነው መድኃኒትስ ከየት መጣ? አይቨርሜክቲን የተገኘው ከጃፓን አፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ ነው። ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። በከፋና በሸካ የሚኖር አንባቢ ይህንኑ መድኃኒት «ሜክቲዛን» በሚል ስም ያውቀዋል፤ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን፣ ዓይን የሚያጠፋውን በሽታ ለመከላከል ይታደላል። «ምን ይጠቅማል» ብለን የምንረግጠው አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው ጎሪላውን ያተረፈው።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል። ታናሽ ወንድሜ አራተኛ ክፍል ሳለ እከክ ይዞት ነበር።

ሌሊት ሌሊት ሲያክ እንሰማዋለን። የማንኪያ እጀታ ይዞ ይተኛ ነበር፤ ጥፍሩ አልበቃ ብሎት። እናቴ ጠዋት ማታ በልብስ ሳሙና ታሻሸዋለች። ቆዳው እስኪደማ ድረስ። እሷ ያመነችው ጸሐፊው ያመኑትን ነው፤ እድፍ ነው፣ ይለቃል ብላ። ትምህርት ቤት መምህሩ የኋላ ወንበር ላይ ለብቻው አስቀመጠው። ልጆቹ «እከካም» አሉት። አንድ ቀን ደብተሩን ቤት ጥሎ፣ አልሄድም ብሎ በር ላይ ተቀመጠ።

ጤና ጣቢያ የወሰድነው ከዚያ በኋላ ነው። የመረመረው ባለሙያ እጁን ይዞ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ጣቶቹን ፈልቀቅ አደረገና እናቴን ጠራት። በጣቶቹ መሃል፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል፣ ጥምዝምዝ ያለች፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የምትረዝም መስመር ነበረች። «ይቺ መንገዷ ናት» አለ። «ጫፏ ላይ እሷ አለች። እትዬ፣ ልጁ አልቆሸሸም። ውስጥ ናት፤ ሳሙና አይደርስባትም።» እናቴ መልስ አልሰጠችም። የወንድሜን የደማ ክንድ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ያ ባለሙያ ያለው ሳይንሱ የሚለው ነው። ሴቷ የቆዳውን የላይኛ ንጣፍ ቦርቡራ ትገባለች። በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ትገፋለች፤ እየገፋች እንቁላሏን ትጥላለች። አንድ በሽተኛ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ከ10 እስከ 15 ሴቶች ብቻ ናቸው። ሰውነትን ሁሉ የሚያሳክከው ብዛታቸው አይደለም። ሰውነታችን ለእነሱና ለኩሳቸው የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ መሃል ሳያውቅ ሊያስተላልፍ ይችላል። የሚተላለፈው በዋናነት ገላ ለገላ ቆይቶ በመነካካት ነው። ሕፃን ያቀፈች እናት፣ አንድ አልጋ የሚጋሩ ወንድማማቾች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚውሉ ልጆች። ፍቅር ባለበት ይተላለፋል ብል ማጋነን አይሆንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ኬኔት ሜላንቢ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ በሙከራ አይቷል። ጦርነት አንዋጋም ያሉ በጎ ፈቃደኞች የታመሙ ወታደሮች የለበሱትን የውስጥ ልብስ ለበሱ፣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተኙ። የተያዙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከታመመ ሰው ጋር አንድ አልጋ የተጋሩት ግን ተያዙ። (ይህ የብዊንዲውን የማስፈራርቾ ልብስ ነገር ትንሽ ያከራክራል፤ ሆኖም ተባይዋ ከገላ ውጭ አንድ ሁለት ቀን መቆየት ስለምትችል ዕድሉ ዝግ አይደለም።)

ከዚያም በፊት ያለው ታሪክ ይበልጥ ይገርመኛል። በ1687 ሁለት ጣሊያናውያን፣ ቦኖሞና ቼስቶኒ፣ እከክን የምታመጣው ይህች ተባይ መሆኗን ጽፈው አስታወቁ። መነሻ የሆናቸው ድሆች ሴቶች የልጆቻቸውን እከክ በመርፌ ጫፍ ሲያወጡ ማየታቸው ነው። የዘመኑ ሊቃውንት አልሰሟቸውም። በሽታው ከተበላሸ ደም ይመጣል እያሉ 150 ዓመት ገደማ ቆዩ። በ1834 ሬኑቺ የሚባል የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ ፓሪስ ውስጥ፣ በሐኪሞች ፊት፣ ተባይዋን በመርፌ አውጥቶ አሳየ። እሱም የተማረው ከአገሩ ድሆች ሴቶች ነው። ሐኪሞቹ ሲፈልጓት የኖሩት ውሃ በቋጠረው እብጠት ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ግን በመስመሩ ጫፍ ላይ እንዳለች ያውቁ ነበር። ወንድሜን ያየው ባለሙያ በመስኮቱ ብርሃን ያሳየን ያንኑ ነው።

እከክ የሳሙና ጥላቻ ከሆነ ኔዘርላንድስ ውስጥ በቅርብ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ለምን በዛ? አውሮፓ ውስጥ በየጊዜው የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችን ለምን ያምሳል? እነዚያ ቤቶች በየቀኑ ይታጠባሉ። የሚያመሳስላቸው ተቀራርቦ መኖር ነው።

እኛ አገር በ2015ቱ ድርቅ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ በተጠቁ ወረዳዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ሲሶ ያህሉ እከክ ተገኝቶበታል። ውሃ አለመኖሩ ነገሩን አባብሷል፤ ይህን አልክድም። የታከከ ቆዳ ካልታጠበ ያመረቅዛል። ያ ቁስል ባክቴሪያ ሲገባበት ደግሞ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ግን ውሃ ያጣ ሰው ውሃ የጠላ ሰው አይደለም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። አንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተፋፍጎ፣ አኩፋዳውን ተንተርሶ የሚያድረውን የቆሎ ተማሪ ያስቡት። እሱን ነው «ሳሙና የጠላ» ያሉት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማንኛውም ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው እከክ አለበት። በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ትኩረት የተነፈገው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። ፐርሜትሪን የሚባል ቅባት አለ፣ ቢቢኤል የሚባል ፈሳሽ ቅባት አለ፣ የድኝ ቅባት አለ፣ የሚዋጥ አይቨርሜክቲንም አለ። ዋናው ቁምነገር በአንድ ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ መታከሙ ነው፣ የማያሳክከውም ጭምር። ባለሙያው በሚያዘው ቀን መደገምም አለበት። የተባለው ተደርጎም ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰው ሳያፍር ጤና ጣቢያ ሲመጣ ነው። ጓደኛዬ እንደምትለው ብዙዎቹ የሚመጡት ወራት ተደብቀው፣ ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ነው። ለምን ቆያችሁ ስትላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ።

እኛ ያን ማታ ሁላችንም ከአንገት በታች ተቀባን። እናቴ «እኔ ምን አለብኝ» እያለች፣ አባቴ እያጉረመረመ። ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጣ። በሳምንቱ ደገምነው። ወንድሜ በወሩ ያለ ማንኪያ መተኛት ጀመረ። የኋላ ወንበሩ ላይ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ፤ መምህሩ አልመለሰውም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ጎሪላው የጻፉት ይቆይ፤ ብዙ ሰው ያንብበው። የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን ያርሟት። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ነው፤ መምህራንም እያነበቡት ነው።